በነሐሴ ውሃ፣ በጥር ማሳ

ባለፈው ነሐሴ አጋማሽ፣ ከባሕር ዳር በስተምዕራብ እንፍራንዝ ወንዝ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ፣ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ አንድ ችካል እመለከት ነበር። ችካሉ ከባሕር ዛፍ የተፈለጠ፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ከውሃው በላይ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ብቅ ያለ ነው። ውሃው ከጉድጓዳቸው ያባረራቸው ጉንዳኖች ቀለሙ ላይ ተከምረው እርስ በርስ ይረጋገጣሉ። የአካባቢው ሰዎች እንደነገሩኝ ችካሉ የተተከለው የሐይቁ ዳርቻ እስከየት እንደሆነ ለማመልከት ነው፤ ሐይቁ ግን በዚያ ቀን ችካሉን አልፎ ስድሳ እርምጃ ያህል ወደ መንደሩ ገብቶ ነበር። በጥር ወር ወደዚያው ቦታ ስመለስ ችካሉ አበባ በያዘ የጓያ ማሳ መካከል ቆሞ አገኘሁት። የማረሻው ትልም ከችካሉ አልፎ በሐይቁ በኩል፣ ደንገሉ ታጭዶ ሥሩ ብቻ እስከቀረበት ጥቁር ጭቃ ድረስ ወርዷል።

በነሐሴው ጉዞ መንገድ የመሩኝ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። «አባባ፣ ታዲያ የሐይቁ ዳርቻ የቱ ጋ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው ውሃውን ተመለከቱ። «ልጄ፣ ሐይቅ ቤት አለው፤ ጓሮም አለው» አሉኝ። «ይኼ ጓሮው ነው። ክረምት ይመጣበታል፣ በጋ ይተወዋል። ሰው ለጥቂት ወር ከጓሮው ቢርቅ ርስቱን ለቀቀ ይባላል እንዴ?»

እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ ለዓመታትም በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የመሬት ክርክር ይዤ ፍርድ ቤት ቆሜያለሁ። የአዛውንቱን ጥያቄ ከሰማሁ በኋላ ስለ አካባቢ፣ ስለ ውሃና ስለ መሬት የወጡትን ሕጎቻችንን አንድ በአንድ አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኋቸው። የደረስሁበት ነገር አንድ ነው። ሕጎቻችን የሐይቁን ቤት ያውቃሉ፤ የገበሬውንም ማሳ ያውቃሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ግማሹን ዓመት ውሃ ግማሹን ዓመት መሬት የሚሆነውን ጓሮ ግን በስሙ ጠርቶ፣ ወሰኑን ለይቶ፣ ኃላፊነቱን ለአንድ አካል የሰጠ ድንጋጌ አላገኘሁባቸውም። የጣና ረግረግ እያለቀ ያለው በዋናነት በዚህ ክፍተት በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ምን እንደምናገር በቅድሚያ ላስረዳ። በጽሕፈት ቤቶች ቋንቋ «እርጥበታማ መሬት» እየተባለ የሚጠራውን ገበሬው ጨፌ ወይም ረግረግ ይለዋል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚታረሰውን ክፍል ደግሞ ባሕረ ሸሽ ይለዋል። ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ የሚበቅሉት እዚህ ነው። በበዓል ዋዜማ ከገበያ ገዝተን ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ እንኳ ከየት እንደሚመጣ ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ቀረሶና አምባዛ የሚራቡት ዕፅዋት በሸፈነው ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ውስጥ ነው። ከዓለም በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ አሳ ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ፤ ወደ ሐይቁ የሚመለሱት ጫጩቶቻቸው የሚያልፉትም በእነዚሁ ወንዞች አፍ፣ ረግረጉ ባለበት ነው። የባሕር ዳር ነዋሪ የሚጠጣው ውሃ ሳይቀር በከፊል የሚቀዳው በዚሁ በእንፍራንዝ አካባቢ ከሚፈልቁ ምንጮች ነው።

ደንገሉ ግን ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ አለው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት አፈር ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት በደንገል ጫካ ውስጥ ሲያልፍ ውሃው ይዘገያል፤ ውሃው ሲዘገይ አፈሩ ይሰክናል፤ ከማሳ ታጥቦ የመጣውንም ማዳበሪያ ሥሮቹ ይመጥጡታል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ቢሆንም እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊ ገበታ ላይ የፈሰሰ ውሃ ማለት ነው። እንዲህ ላለው ሐይቅ ደለል ትልቅ አደጋ ነው፤ ዳርቻው ላይ ያለው የደንገል መከታ በሳሳ ቁጥር ደለሉና ማዳበሪያው ቀጥታ ይገባሉ።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ በእጅ፣ በጀልባና በማሽን የተደረገውን ርብርብ ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን ሲነቅሉ ሳይ ያለቀስሁትን ለቅሶ እስካሁን አልረሳሁትም። ነገር ግን እምቦጭ የሚፋፋው ማዳበሪያና ደለል በጠገበ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነው። አረሙን በላብ እየነቀልን ቀለቡን አጣርቶ የሚያስቀርበትን ደንገል በማረሻ ማጥፋታችን፣ ከዘመቻው ይልቅ ስለ ሕጉ እንዳስብ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ወደ ሕጎቹ ልግባ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ ማንኛውም የልማት ፕሮግራም የአካባቢን ደኅንነት የሚያናጋ እንዳይሆን፣ ሕዝቡም በዕቅዱ ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ፣ መንግሥትና ዜጎችም አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። ስለዚህ ከላይ ያለው መርሕ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ይኸው ሕገ መንግሥት ሥልጣን ሲያከፋፍል ነው። በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ከአገር ወሰን የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት የፌዴራል ሕግን ተከትሎ የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ጣና የአባይ መነሻ በመሆኑ ውሃው የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ዳርቻው የአማራ ክልል መሬት ነው። ችካሉ የቆመበት ቦታ በነሐሴ የፌዴራል ጉዳይ፣ በጥር የክልል ጉዳይ ነው እንደማለት ነው። ሁለቱም አካላት ሥልጣን አላቸው፤ በተግባር ግን ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመራ ይውላል።

የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለረግረጉ ቅርብ የሆነ ድንጋጌ ይዟል። ተቆጣጣሪው አካል ከሚመለከታቸው ጋር ተመካክሮ የውሃ አካላትን ዳርቻ ሊከልል፣ በተከለለው ዳርቻም ላይ ዛፍና ዕፅዋት መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል እንደሚችል ይገልጻል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው «ይችላል» የሚለው ቃል ነው። «ይችላል» ያለ ሕግ ያላደረገውን ሰው አይጠይቅም፤ ሳይከለል ሃያ ዓመት ቢያልፍም የተጣሰ ግዴታ አለ ብሎ መክሰስ አይቻልም። ሁለተኛው ክልከላው የዘረዘራቸው ድርጊቶች ናቸው። ደንገል መቁረጥ ምናልባት «ዕፅዋት» በሚለው ውስጥ ይገባ ይሆናል፤ ቦይ ቆፍሮ ረግረጉን ማጠንፈፍ፣ ውሃው በሸሸበት ላይ ማረስ፣ አፈር አምጥቶ መድፋት ግን በስም አልተጠቀሱም። ረግረግን የሚገድሉት ደግሞ በዋናነት እነዚህ ናቸው። ደንገል ሥሩ ውሃ ካገኘ ቢታጨድም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አዛውንቱና ወገኖቻቸው ለታንኳ ሲያጭዱት የኖሩትም ስለዚሁ ነው። ከተጠነፈፈና ከታረሰ ግን አይመለስም።

ስለ ታንኳው ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም አጠቃቀምና ጥፋት የሚለዩበትን ያሳያል። ደንገሉ ታጭዶ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ እየታሠረና በልጥ እየተጠፈረ፣ ፊቱ ወደ ላይ እንዲቀና ተደርጎ ይሠራል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ሌላ መሥራት ግድ ነው። ስለዚህ ታንኳ ሠሪ ደንገል እንዳያልቅ ከማንም በላይ የሚፈልግ ሰው ነው። አዛውንቱ በልጅነታቸው ደንገል የሚያጭዱት ከቤታቸው ደጃፍ እንደነበር፣ አሁን ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ እንደሚደርሱበት ነግረውኛል።

ወደ መሬት ሕጉ ስንመጣ፣ የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በገጠር ያለ እርጥበታማ መሬት ብዝኃ ሕይወቱ ተጠብቆ፣ እንደ አስፈላጊነቱም ተስማሚ በሆነ የመሬት አጠቃቀም ስልት ጥቅም ላይ እንዲውል የሚያዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው። ለአገሪቱ ረግረግ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር! «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ሐረግም ለማንም የሚመች ነው፤ አስፈላጊነቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ አይናገርም። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። የክልሎች የመሬት ሕጎች ከአዲሱ የፌዴራል አዋጅ ጋር በሚጣጣሙበት በዚህ ወቅት ረግረግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ካላገኘ ዕድሉ ለብዙ ዓመት የሚያልፍ ይመስለኛል።

ከአዋጁም በላይ ግን ያሳሰበኝ የይዞታ ደብተሩ ነው። በሐይቁ ዳር ካሉ መንደሮች የመጡ ደንበኞቼ ይዘውልኝ የሚመጡትን ደብተር ስገልጥ አዋሳኞቹ እንዲህ ተጽፈው አገኛለሁ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በደቡብ እገሊት፣ በሰሜን ሐይቅ። እገሌና እገሊት ድንበራቸው ቢነካ ይከስሳሉ፤ መንገዱም ቢጠብ የሚያልፍበት ሕዝብ ይጮኻል። ሐይቁ ግን በሸሸ ቁጥር የማሳው ርዝመት ይጨምራል፤ በደብተሩ ላይ አዋሳኙ «ሐይቅ» ነውና ገበሬው ሕግ አልጣስሁም ብሎ ከልቡ ያምናል፤ ደብተሩን ላነበበ ሰውም ስህተቱ አይታየውም። በአንድ ክርክር ላይ ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ማሳ ሲካፈሉ፣ ደብተሩ ሁለት ጥማድ የሚለው መሬት ሲለካ አራት ጥማድ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት አይቻለሁ። የተጨመረው ሁሉ በሐይቁ በኩል ነበር። ክርክሩ በወንድማማቾቹ መካከል ስለነበረ ማንም ስለ ሦስተኛው ባለ ድርሻ አላነሣም፤ የእኔም ውክልና ለታላቁ ወንድም ነበረና እኔም አላነሣሁም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐይቁስ ለምን ይሸሻል? በተፈጥሮው በክረምትና በበጋ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል፤ እንደ ፎገራ ባለ ገበታ ሜዳ ላይ ደግሞ የአንድ ሜትር ከፍታ ልዩነት በአግድመት ሲለካ እጅግ ብዙ መሬት ነው። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ በሮች ያሉት ግድብ ከተሠራ ወዲህ ግን የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃም ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡም አንሶ፣ ውሃውም ተለቅቆ ሐይቁ ተለክቶ ወደማያውቀው ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፤ በደረቀው የሐይቁ ወለል ላይ ሰብል ተዘራ። ሐይቁ ሲመለስ ደንገሉ በሁሉም ቦታ አልተመለሰም፤ አንዴ ማረሻ የገባበት መሬት ባለቤት አለኝ ይላልና። ሦስቱ ዋና ዋና የአካባቢ አዋጆቻችን፣ ማለትም የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ ቁጥር 295፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ቁጥር 300 የወጡትም በዚያው በ1995 ዓ.ም. መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። ሕጉ በአዲስ አበባ ሲታወጅ ረግረጉ እዚህ እየታረሰ ነበር።

ከእነዚህ መካከል የተጽዕኖ ግምገማ አዋጁ ጠንካራ ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ ሰጪውም ይህን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል፤ ሕዝብ በጥናቱ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ይጠይቃል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 521 ይህን ተላልፎ ፕሮጀክት የጀመረን ወይም በግምገማው ላይ ሐሰተኛ መግለጫ የሰጠን ሰው እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። አዋጁ ተጽዕኖ ሲመዘን የፕሮጀክቱ መጠን ብቻ ሳይሆን ቦታውና ከሌሎች ጋር ተደምሮ የሚያስከትለው ውጤት ጭምር እንዲታይ ማለቱም አርቆ አሳቢነት ነው። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር «ፕሮጀክት» በሚለው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። የአንድ ገበሬ ግማሽ ጥማድ ፕሮጀክት አይደለም፤ አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፕሮጀክት አይደለም። በፎገራ ወለላና ሸሸር የሚባሉት፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ክሬኖች የሚከርሙባቸው ረግረጎች የጠበቡት አንድ ትልቅ ድርጅት መጥቶ አይደለም። ሩዙ ከዓመት ዓመት እየገፋ፣ በበጋ ለቀይ ሽንኩርት ውሃው በሞተር እየተሳበ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ እጆች ነው። በባሕር ዳር ዙሪያም ለጫት ማሳ የሚደረገው ይኸው ነው። ድምሩን የሚደምር ሰው በሕጉ ውስጥ አልተመደበም።

በጥር ችካሉን ለማየት ስመለስ ሌላም ነገር አየሁ። ከጓያው ማሳ አለፍ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ነበር፤ ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ እያመጣ በቄጠማው ላይ ይደፋል። አንድ ፊላ አናቱ ላይ ያለው ቡናማ ፍሬ እንኳ ሳይረግፍ ከግማሹ ድረስ በገረጋንቲ ተቀብሮ ቆሞ አየሁት። ሥራውን የሚመሩትን ሰው በትሕትና ሰላምታ ሰጥቼ ስጠይቃቸው በትሕትና መለሱልኝ፤ የያዝነው ቦታ ፈቃድ አለው፣ ከሐይቁ ክልልም ውጭ ነው አሉ፤ ማስረጃቸውም ያ ቀይ ችካል ነበር። «ይኸው ጋሼ፣ እኛ ከችካሉ ወዲህ ነን።» በነሐሴ እኔ በውሃ ውስጥ የቆምሁበት ቦታ ከእርሳቸው እግር ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር።

ለዚህ ነው የሕጉ ክለሳ ከትርጉም መጀመር አለበት የምለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራኗ ራምሳር ከተማ የተፈረመው ስለ እርጥበታማ መሬቶች የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ትርጉሙን ሲሰጥ፣ ውሃው ቋሚም ሆነ ጊዜያዊ፣ የቆመም ሆነ የሚፈስስ መሬት በሙሉ በውስጡ እንዲካተት አድርጓል። «ጊዜያዊ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት አዛውንቱ ጓሮ ያሉትን በሕግ ቋንቋ የምትሸከመው። እርሷ በእኛ የውሃ፣ የመሬትና የአካባቢ ሕጎች ውስጥ በአንድ ዓይነት አገላለጽ ብትገባ የነሐሴው ውሃና የጥር ወሩ ማሳ አንድ ነገር መሆናቸው በፍርድ ቤት ፊት ለማስረዳት የሚቻል ይሆናል።

ቀጥሎ ወሰኑ ነው። የጣና ከፍታ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲለካ ኖሯል፤ ስለዚህ ችካል የሚተከልበትን ቦታ በዓይን ግምት፣ ያውም በደረቅ ወር መወሰን አያስፈልግም። ውሃው በደኅና ክረምት የሚደርስበት ከፍተኛ ቦታ ተወስዶ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መከለያ ተጨምሮ ዳርቻው በሕግ ሊከለል ይችላል። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቀጣና ሆኖ ሲመዘገብ ጥብቁ፣ መከለያውና የልማቱ ክፍል በካርታ ተለይተዋል። ካርታው ጥሩ ነው፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ ካልሰፈረ ግን ከገበሬው ጋር በሚደረግ ክርክር ዳኛው ፊት የሚቀርበው ደብተሩ ነው። በእኔ አስተያየት አጭሩና ጠቃሚው ማሻሻያ «በሰሜን ሐይቅ» የሚለውን አዋሳኝ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው በሚታወቅ፣ በማይንቀሳቀስ መስመር መተካት ነው። በ1992ቱ አዋጅ ያለውንም «ይችላል» ወደ «አለበት» መለወጥና ከክልከላዎቹ ዝርዝር ውስጥ ማጠንፈፍን፣ መሙላትንና ማረስን በስማቸው ማስገባት ያስፈልጋል። ክልሉ የጣናን ሐይቅና ሌሎች የውሃ አካላትን የሚጠብቅ ኤጀንሲ ማቋቋሙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በረግረጉ ላይ የሚሰጥ ማንኛውም ይዞታ፣ ፈቃድና ግንባታ የእርሱን የጽሑፍ ስምምነት ካላገኘ ዋጋ እንዳይኖረው በአዋጅ ካልተደረገ ምክር ሰጪ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ስል ገበሬውን ጠላት ማድረጌ እንዳይደለ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ግማሽ ጥማድ ጓያ የዘራው ሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ መሬት አንሶት፣ ለልጁ የሚያካፍለውም አጥቶ ነው። ዛሬ አዋጅ አውጥቶ ነገ ከነሰብሉ ማስነሣት ግፍ ከመሆኑም በላይ ሰውን የደንገሉ ጠላት ያደርገዋል። በደብተር የተሰጠው መሬት የተሰጠው በመንግሥት እጅ ነውና፣ ተመልሶ ረግረግ እንዲሆን ሲፈለግ ካሳ ወይም ምትክ መሬት ሊሰጠው ይገባል። ከዚያም በላይ ደንገል በማጨድ፣ ቄጠማ በመቁረጥ፣ በበጋ ከብት በማሰማራት፣ አሳ በማስገር የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይም ከጥንት ጀምሮ በዳርቻው የኖሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን፣ መብታቸው በጽሑፍ ታውቆ የጥበቃው ባለቤት ቢሆኑ እመርጣለሁ። ማሳ ያለው ደብተር አለው፤ ታንኳ ሠሪው ግን የሚኖርበትን ደንገል ሌላው ሲያርሰው «የእኔ ነበር» የሚልበት አንዳች ወረቀት የለውም። የሕጉ ክለሳ ይህን ካላስተካከለ ጎዶሎ ይሆናል።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም በተሰጠው ውሳኔ አቤት ባዩ ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ክሱን ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። በአገራችን ሕግ ውስጥ ለሐይቅ፣ ለወንዝና ለዱር ጠበቃ መቆም የሚፈቅድ ከዚህ የሚሰፋ በር አላውቅም። በጥብቅና በኖርሁባቸው ዓመታት በዚህ በር ሲገባ ያየሁት ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ እኔ ራሴም እስከዚህ ዓመት አልገባሁበትም ነበር።

በገረጋንቲ ስለሚሞላው ቦታ አቤቱታውን በየካቲት ጻፍሁ። አራት ገጽ ነው፤ ከእርሱ ጋር ሁለት ፎቶግራፎች አሉ፤ ሁለቱም የዚያው ችካል ናቸው፣ አንዱ በነሐሴ፣ አንዱ በጥር የተነሣ። አዛውንቱ ምስክር ሆነው ሊፈርሙልኝ ቢሮዬ ድረስ መጡ። መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ አድርገው አሻራቸውን ሰጡ፤ የመጀመሪያው ግን ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዕድሜ ልካቸውን ደንገል ሲያጭዱና ልጥ ሲስቡ የኖሩበት ጣት መስመሮቹ ጠፍተዋል። ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገን፣ ቀለሙን አሳስተን፣ በሦስተኛው ሙከራ ጥቂት መስመር ወጣ። «ይበቃ ይሆን ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ይበቃል አባባ» አልኋቸው። አቤቱታውን መጋቢት 2 ቀን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገብተን የገቢ ቁጥር ተቀበልን። ሠላሳው ቀን ሚያዝያ 2 ይሞላል።